ውለታ ወይስ ደሞዝ? በሰው ቤት ስለሚሠሩ ልጆች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንዲት እናት በቤታቸው ስለምትሠራው የ13 ዓመት ልጅ የጻፉት ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ለእኔ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ፤ ሁለቱ «እውነታቸውን ነው» ብለው ነው የላኩልኝ። ጸሐፊዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። የጻፉት ወቀሳ ስለበዛባቸው ተከፍተው ነው፤ ቅንነታቸውም ከጽሑፉ ውስጥ ይታያል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የማታ ተማሪዎችን ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ጸሐፊዋ የሚናገሩላቸው ልጆች ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መጥተው እኔ ፊት ይቀመጣሉ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ልጅቷ ገጠር ብትቀር የሚጠብቃት ረሃብና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ስለነበር ወደ ከተማ መምጣቷ መዳኛዋ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሥራ ልጅን አይጎዳም፤ ሁላችንም ውኃ ቀድተን፣ ከብት ጠብቀን አድገናል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ልጅቷን እንደ ልጃቸው እንደሚያዩአት፣ ከሚበሉት እንደሚያበሏት፣ ደሞዟን እንደሚያጠራቅሙላትና ማታ ማታ እንደሚያስተምሯት ይናገራሉ። አራተኛ፣ የሕፃናት መብት የሚባለው ከውጭ የመጣና አኗኗራችንን የማያውቅ ሐሳብ ነው ይላሉ። አምስተኛ፣ ይህ ሥራ ቢከለከል ልጆቹ የሚወድቁት ጎዳና ላይ፣ ካልሆነም ዓረብ አገር ነው ብለው ይደመድማሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የገጠሩን ችግር ጸሐፊዋ አላጋነኑትም። ሽማግሌ ወደ ቤታቸው እንደተላከ ሰምተው ሌሊት የጠፉ ልጆችን አስተምሬአለሁ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ቢያደርገውም፣ የወንጀል ሕጉም ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ ቢደነግግም፣ ድግሱ በየመንደሩ አልቆመም። ነገር ግን የሸሸችው ነገር ክፉ መሆኑ የደረሰችበትን ቤት መልካም አያደርገውም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለትም አለ።

ደግሞስ ልጅን ከጋብቻ የሚያድናት የከተማ ማድ ቤት ብቻ ነው? እ.ኤ.አ. በ2004 በምዕራብ ጎጃም፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ ቀበሌ ውስጥ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ሥራው የተወሳሰበ አልነበረም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ የደብተርና የእስክሪብቶ ወጪያቸውን ሸፈነ፤ ትምህርት ቤት ያልገቡትን በቡድን አሰባስቦ አስተማረ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለት ዓመት ለቆዩ ቤተሰቦች ደግሞ ፍየል ሰጠ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው የሌላ ቀበሌ ልጆች ይልቅ በትምህርት ላይ የመገኘታቸውና ሳይዳሩ የመቆየታቸው ዕድል በብዙ በለጠ። አንዲት ፍየልና ጥቂት ደብተር! ልጆቹ የዳኑት እዚያው መንደራቸው፣ እናታቸው አጠገብ ሆነው ነው።

በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎቼን «ከአገር ቤት ለምን መጣችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ «ለመማር» ይላሉ። ያመጣቸው ዘመድ ወይም ደላላ ለእናታቸው የገባላት ቃል «ወስጄ አስተምርልሻለሁ» የሚል ነበር። እናት ልጇን አሳልፋ የሰጠችው ያንን ቃል አምና ነው። እንግዲህ ልጅቷ ደጃችንን ስትረግጥ እኛ ባለውለታዋ ነን ወይስ ባለዕዳዋ? የጸሐፊዋ ክርክር ሁሉ የተመሠረተው በመጀመሪያው ላይ ነው። የእኔ መልስ ሁለተኛው ነው።

«እኛም ሠርተን ነው ያደግነው» የሚለው ልብ ይነካል፤ እኔንም ነክቶኛል። እኔም ውኃ ቀድቻለሁ፣ ጥጃ ጠብቄአለሁ፣ ታናሼን አዝያለሁ። ግን የቀዳሁት ለእናቴ ነው። ደወል ሲደወል ትምህርት ቤት ነበርኩ። ብርጭቆ ስሰብር ተቆጥተውኛል እንጂ ከደሞዜ አልተቆረጠብኝም፤ ልብሴም በፌስታል ታስሮ ደጅ አልተጣለም። ልጅ ወላጆቹን ሲያግዝ የቤቱን ሙያ ይማራል። የሰው ቤት ሥራ ላይ ስትሆን ግን ቤቱ እሷን እየጠበቀ ይውላል፤ እሷ ካልተነሣች ቤቱ አይነሣም።

ባለፈው ዓመት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ በቀን የሚሠሩበትን ሰዓት እንዲደምሩ አደረግኋቸው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቁርስ እንደምታቀርብ፣ ልጆቹን አልብሳ ትምህርት ቤት እንደምታደርስ፣ ቤት ጠርጋ፣ ልብስ አጥባ፣ ወጥ ሠርታ፣ ልጆቹን መልሳ አምጥታ ወደ እኛ እንደምትመጣ ጻፈች። ከእኛ ስትመለስ የእራቱ ዕቃ ይጠብቃታል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ትተኛለች። ክፍል ውስጥ የምትቆይበት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀነስ 15 ሰዓት ተኩል ወጣ። ቁጥሩ የተሳሳተ መስሏት ደግማ ደመረችው። ከዚያም ቀና ብላ «ሌሊቱን አልቆጠርኩትም» አለችኝ። በሰፈራቸው ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ቧንቧውን ክፍት ትተዋለች፣ ባዶ ባልዲ ከሥሩ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ትተኛለች። ውኃው ባልዲውን ሲመታው ድምፁ ይቀሰቅሳታል። ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልታ ስትጨርስ ለመነሣት የሚቀራት ጊዜ ትንሽ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም ይላል። ለፋብሪካ፣ ለሱቅና ለቢሮ ማለት ነው። በሰው ቤት የሚሠሩትን አዋጁ ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏቸዋል። ጸሐፊዋ «ሕጉ እኔን አይመለከትም» ሲሉ በዚህ በኩል ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው ለጎረምሳ የፋብሪካ ሠራተኛ ሰባት ሰዓት ይበቃል ካለ፣ ለ13 ዓመት ልጅ አሥራ አምስት ሰዓት እንዴት አይጎዳም እንላለን? ወገቧ ከዚያ ወጣት ወገብ በምን በረታ?

«የአገሪቱ ልጅ ሁሉ ይሠራል» የሚለውም ተጠቅሷል። ልጆች በብዛት መሥራታቸው እውነት ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ውስጥ ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉት ለዕድሜያቸው በማይገባ የጉልበት ሥራ ላይ ተገኝተዋል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚነካ ነገር ሊያስደነግጠን ይገባል እንጂ ማረጋገጫ ሊሆነን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «እንደ ልጄ ናት» ወደሚለው። በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ያስወደደው ይህ ቃል ነው፤ ቃሉንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እናታችን ቤት ከወላይታ የመጣች ልጅ ነበረች። ስትመጣ አማርኛ አትችልም ነበር። ስሟ ለአፋችን ስለከበደን እናቴ «አልማዝ» አለቻት፤ ሁላችንም አልማዝ እያልን ጠራናት። አራት ዓመት ከእኛ ጋር ኖራለች። ጫማዬን ታስርልኝ ነበር፣ ሲመሽብኝ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ማድ ቤት ብቻዋን ስትሆን በቋንቋዋ ስታንጎራጉር እንሰማና እንስቅ ነበር። እየቆየች ማንጎራጎሩን ተወችው። እናቴ ደግ ሴት ናት፤ ልጅቷን አንድ ቀን መትታት አታውቅም። «እንደ ልጄ ናት» ትልም ነበር፤ ከልቧ ነበር የምትለው። ነገር ግን የእኛን የልጆቿን ስም ማንም አልቀየረውም። እውነተኛ ስሟ ማን እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ይህን የማነሣው ጸሐፊዋን ለመውቀስ አይደለም። ደግነትና እኩልነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ከደቡብ የሚመጡ ተማሪዎቼ ዛሬም ሁለት ስም ይዘው ነው የሚመዘገቡት፤ አንዱ በመዝገብ ላይ የሚጻፈው፣ ሌላው አሠሪዎቻቸው የሚጠሯቸው። የአማርኛ አነጋገራቸው ቤት ውስጥ ስለሚሳቅበት ክፍል ውስጥ እጅ ለማውጣት ወራት ይፈጅባቸዋል። ድሃ መሆናቸው፣ ልጅ መሆናቸውና ከሌላ ቋንቋ መምጣታቸው አንድ ላይ ተደራርቦባቸዋል፤ ይህን ሸክም በአንዲት ሕፃን ትከሻ ላይ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

«እንደ ልጄ» የሚለውን ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የገዛ ልጅዎ የሚተኛው የት ነው፣ እሷስ? ሳሎን ምንጣፍ ላይ የምትተኛ ልጅ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ፣ እንግዳው እስኪሄድ መተኛት አትችልም። የገዛ ልጅዎ ትኩሳት ሲይዘው ሥራዎን ትተው ክሊኒክ ይወስዱታል፤ እሷ ስትታመም ግን በብዙ ቤት ወይ ክኒን ይሰጣታል ወይ «ለዘመዶችሽ ደውዪ» ትባላለች። የገዛ ልጅዎ ሲያጠፋ ይቆጡታል፤ ከቤት ይወጣል ብሎ ግን ማንም አያስብም። ጸሐፊዋ ከሚበሉት እንደሚያበሏት ጽፈዋል፤ አምናቸዋለሁ፣ ብዙዎች ይህንንም አያደርጉትም። ሆኖም ትኩስ እንጀራ ማብላት ልጅነትን አይተካም።

ስለ ደሞዟ «አጠራቅምላታለሁ» ብለዋል። ከተማሪዎቼ አንዷ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሠርታ ስትወጣ የተጠራቀመላትን ጠየቀች። አሠሪዋ ደብተር አውጥተው አሰሉላት። የተሰበረ ቴርሞስ ተቀነሰ። ሁለት ጫማ፣ በታመመች ጊዜ የተገዛ መድኃኒት፣ የማታ ትምህርት መመዝገቢያ፣ ሲያመጣት ለደላላው የተከፈለው፣ ሁሉም ተቀነሰ። እጇ ላይ የቀረው የአውቶቡስ ትኬትና የመንገድ ስንቅ የሚገዛ ነበር። የሚገርመው ሴትዮዋ የበደሏት አይመስላቸውም ነበር፤ «እንደ ልጄ አሳድጌ» እያሉ ነበር የሚያለቅሱት። ጸሐፊዋ እንዲህ ያደርጋሉ አልልም። የምለው ይህ ነው፤ በልጅቷ እጅ ወይም በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ያልገባ ብር ደሞዝ አይባልም፤ በአሠሪዋ መልካም ፈቃድ የተንጠለጠለ ተስፋ ነው። ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ መያዙን፣ ደሞዛቸው መታገዱን ስንሰማ አገር ምድሩን በቁጣ እንሞላለን። ይገባናልም። እዚህ በእኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ስላለው የልጅ ደሞዝስ?

የማታው ትምህርት ደግሞ የእኔው ሥራ ስለሆነ በትክክል ልናገር። ልጅን ማታ መላክ ጨርሶ ካለመላክ በእጅጉ ይሻላል፤ በዚህ ጸሐፊዋን አመሰግናቸዋለሁ። ግን ክፍሌን ቢያዩት እወዳለሁ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ጭንቅላቶች አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃሉ። አልቀሰቅሳቸውም፤ እነዚያ ደቂቃዎች በቀን ውስጥ ማንም የማያዛቸው ብቸኛ ጊዜ መሆናቸውን አውቃለሁ። ጣታቸው ሽንኩርት ይሸታል፤ ይህን ስለሚያውቁ ደብተር ሲያሳዩኝ እጃቸውን ይደብቃሉ። የስም መጥሪያ መዝገቤን የሚያይ ሰው በዓል የቱ ሳምንት እንደዋለ ሳይጠይቅ ያውቃል። ከገናና ከፋሲካ በፊትና በኋላ መስመሩ በቀሪ ምልክት ይሞላል፤ ዶሮው፣ ድፎ ዳቦው፣ እንግዳው፣ ዕቃው የእነሱ ነውና። ፈተናም ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ልጆቹ ሲወድቁ «ትምህርት አይገባትም» ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመት መመዝገቢያ የሚከፍል አይገኝም።

የጸሐፊዋ የገዛ ልጆች በቀን ነው የሚማሩት። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ጀምሮ ለተማሪዎች ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ይሰጣሉ። ስለዚህ ለ13 ዓመት ልጅ የቀን ትምህርት ማስገባት አቅም ይጠይቃል የሚለው እንደ ድሮው አይሠራም። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ መሸኛ ነው፤ እሱም ወደ ወረዳዋ ትምህርት ቤት ደውሎ፣ ዘመድ ልኮ የሚመጣ ወረቀት ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን በቀን እንዳትማር የሚያደርጋት ወረቀቱ አይደለም። በቀን ከተማረች ቤቱን ማን ይይዘዋል?

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። የልጆች መብት ከውጭ የተጫነብን ነው ለሚሉ፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይደነግጋል። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሠራተኛው አብሮት የሚኖር አሠሪ በመኝታው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ጤናውንና ሞራሉን የሚጠብቅ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ጸሐፊዋ በውጭ ድርጅቶች ሪፖርት አጻጻፍ ቢበሳጩ እረዳቸዋለሁ፤ አንዳንዱ እኛን እንደማያውቀን ያስታውቃል። ልጅን አታድክሙ የሚለው ግን የእኛም ቃል ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ከባዱ ነው፤ ከፊሉንም እቀበላለሁ። ፖሊስ ነገ ቤት ለቤት ዞሮ ልጆቹን ቢያስወጣ አብዛኞቹ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ደላላ እጅ ላይ ተመልሰው ይወድቃሉ። እንዲህ ይደረግ የሚል ሰው ካለ ከጸሐፊዋ ጋር ሆኜ እቃወመዋለሁ። የዓረብ አገሩም ስጋት እውነት ነው። ይሁንና ለዓረብ አገር ሥራ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛዋ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች መሆን አለባት ብሎ ነበር። ትምህርቷን በእኛ ቤት ያቋረጠች ልጅ ያኔ 18 ዓመት ሲሞላት ምን በእጇ ይዛ ትሄድ ነበር? በሕጋዊው በር የማያሳልፋት ነገር በበረሃው መንገድ ይወስዳት ነበር። ወደዚያ የሚገፋት የእኛው ማድ ቤት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ምርጫው ደግሞ ሁለት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በመርካቶ አካባቢ የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» ፕሮግራም ልጆቹን ከቤት አላስወጣም። የሰፈሩ ሴቶች መካሪ ሆነው ቤት ለቤት ዞሩ፣ አሠሪዎችን በር ላይ ቆመው አነጋገሩ፣ ልጆቹ በሳምንት ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ወጥተው ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ አስፈቀዱ። አሠሪዎቹ አውሬዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ እሺ አሉ። ከዚያ በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጸሐፊዋ «ታዲያ እኔ ሥራ ስሄድ ልጆቼን ማን ይያዝልኝ?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የብዙ እናቶችም ጥያቄ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። በእርስዎ መሥሪያ ቤት ማቆያው ከሌለ ዕዳው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የከፈለችው ግን የ13 ዓመት ልጅ ናት። ሌላም መንገድ አለ። አዋቂ ተመላላሽ ሠራተኛ መቅጠር ይቻላል። ክፍያዋ ይወደዳል፤ ሰዓቷ ሲደርስ ትሄዳለች፤ ደሞዟ ካነሰ ትናገራለች። ትንሿ ልጅ የምትመረጠው ይህን ሁሉ ስለማታደርግ ነው። ይህን ለራሳችን መናገር ያማል፤ በእናቴም ቤት እንዲሁ ነበር።

እናም እመቤቴ፣ ልጅቷን አስወጧት አልልዎትም። ልጅ አድርገው ያሳድጓት ከሆነ ከልጆችዎ ጋር ጠዋት ቦርሳ ይዛ ትውጣ፤ ከትምህርት መልስ እንደ እነሱ ታግዝ። ሠራተኛ ናት ካሉም 15 ዓመት እስኪሞላት ይጠብቁ፤ ከዚያም ሰዓቷ ይቆጠር፣ የዕረፍት ቀን ይኑራት፣ ደሞዟ በየወሩ እጇ ይግባ፣ እናቷን በስልክ ታግኝ። ሁለቱን ቀላቅሎ፣ ሥራው ሲሆን ሠራተኛ፣ ደሞዙ ሲሆን ልጅ ማድረግ ግን ይብቃ።

ጽሑፍዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጣችበትን አገር፣ ዕድሜዋን፣ ሳቂታነቷን፣ የወጥ እጇ እንደሚጣፍጥ ሳይቀር ነግረውናል። የሁለቱ ልጆችዎንም ክፍል ጽፈዋል፤ አንዱ ሦስተኛ፣ አንዷ ስድስተኛ ናቸው። እሷ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ግን ፈልጌ አጣሁት።